በሙንዲር ቦታ ላይ የበቀለ ጎመን

ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለያህያ ሙንዲር፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፤ እንጀራህን ያስፋልህ፤ በሰው አገር ከክፉ ዓይንም ከክፉ አሠሪም ይሰውርህ። እኔ አክስትህ ኡምሀኒ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይኮራብኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። በስልክ ሳገኝህ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትልና ይቆረጣል። ኔትወርኩም አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል። ይህን ወረቀት የአጎትህ ልጅ ፈሂማ ለዑምራ ስትመጣ ታደርስልሃለች። ደግሞም የምነግርህ ነገር አለ፤ ስትቆጣ ድምፅህን ባልሰማ ይሻለኛል።

ከገበያው ጀርባ ያለውን የአባትህን ቦታ ታውቀዋለህ። እሱ ሞቶ ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ የሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ነበር። የዶሮ ላባ በለው፣ የተቀደደ ማዳበሪያ በለው፣ የሞተ ውሻ በለው፣ የሌለ ነገር አልነበረም። እኔ ራሴ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የሱቄን ጥራጊ እዚያው ነበር የምደፋው። ሰው «ሙንዲር ቦታ ድፋው» ሲል ስሰማ የወንድሜ ስም መሆኑን እንኳ ረስቼው ነበር።

ግንቦት ላይ ያምሮት የምትባል የሆስፒታል ነርስ ሱቄ መጣች። ቀጭን ናት፤ ነፋስ የሚወስዳት ትመስላለች። «እትዬ ኡምሀኒ፣ ያ ቦታ የማን ነው?» አለችኝ። የወንድሜ ልጅ ነው፣ ዓረብ አገር ነው አልኳት። «እናጽዳውና ጎመን እንትከልበት?» አለች። እኔም ፎቶ ተነሥተው የሚሄዱ መስሎኝ፣ አጽዱት፣ ማን ያዛችሁ አልኩ።

ያህያ፣ አልሄዱም። አስተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ ሦስት ሳምንት ሙሉ ላስቲክ ለቀሙ። ማንም አልከፈላቸውም፤ ማንም አላዘዛቸውም። አንድ ቀን ከሱቄ በር ላይ ቆሜ ሳይ ከቆሻሻው ሥር ጥቁር አፈር ብቅ ብሏል። ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ መጥረጊያ ይዤ ሄድኩ። አፍሬ ነው።

ከዚያ ከጅጋ ገጠር አያ ዘሩ የሚባሉ ገበሬ በሬዎቻቸውን ነድተው መጡ። መሐል ከተማ በሬ ጠምደው ሲያርሱ ባጃጁም ጋሪውም ቆሞ ያይ ነበር። ልጆቹ ቲማቲም ካልተከልን አሉ። አያ ዘሩ አፈሩን በመዳፋቸው አሽተው፣ «ይኸ መሬት አልሞተም፤ ታፍኖ ነው። መጀመሪያ ግማሹን ግብጦ ዝሩበት፤ ለደከመ መሬት ጉልበት ይመልሳል። ቲማቲሙ ይደርሳል፣ ምን አስቸኮላችሁ?» አሏቸው። ልጆቹም እሽ አሉ። የዛሬ ልጅ እሽ ሲል አይተህ ታውቃለህ?

የሚበቅለው መጀመሪያ ለአስታማሚዎች ነው። ከገጠር ሰው ታሞባቸው መጥተው በሆስፒታሉ አጥር ሥር የሚያድሩትን ታውቃቸዋለህ። የተረፈው ለሠራተኛው ይከፋፈላል።

እንግዲህ ሳልጠይቅህ ፈቀድኩ። ብትቆጣ መብትህ ነው። ተቆጥተህ ስትጨርስ የላስቲክ ቦቲ ጫማና ረጅም የውኃ ጎማ ላክልን፤ ክረምቱ ገብቷል።

አላህ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

አክስትህ ኡምሀኒ


ጅዳ፣ ነሐሴ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኡምሀኒ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን አላህ ያሽርልዎ፤ ዕድሜዎን ከበረከት ጋር ያርዝምልን። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራው ደህና ቢሆንም ጊዜ አይሰጥም። ስለ ቦታው አልተቆጣሁም። እርስዎ የፈቀዱትን እኔ አልከለክልም። ሰዎቹም ቆሻሻውን ማንሣታቸው የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳልነግርዎ ቆይቻለሁ። ሆቴል ሊሠራበት የሚፈልግ አንድ የቡሬ ሰው ቦታውን እንድሸጥለት ጠይቆኛል፤ እኔም አስቤበታለሁ። ስለዚህ በሳጥንዎ ያስቀመጡትን የአባዬን ካርታ ለሚታመን ሰው ሰጥተው እንዲልኩልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ለሰዎቹም ብዙ እንዳይደክሙ ቢነግሯቸው።

ቦቲውንና ጎማውን በተመለከተ አሁን ትንሽ አልተመቸኝም። ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ። ሥራ ደህና ነው፤ አያስቡ።

የወንድምዎ ልጅ ያህያ


ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለያህያ

አሰላሙ ዓለይኩም። አዲሱ ዘመን የልብህን የሚሞላበት ይሁንልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ያናደድከኝን ሳልቆጥር።

ቦቲውን ተወው። ልጆቹ ፌስታል በእግራቸው አስረው ክረምቱን ጨረሱት። ያምሮት አንድ እግሯ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሁለት ሰው ሲጎትታት እየሳቀች ነበር። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር።

የቡሬው ሰውዬ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በጎመኑ መሐል በእርምጃ እየለካ ሄደ። ለኔ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ያ ቦታ የውሻ ሬሳ ሲጣልበት ይህ ሰውዬ የት ነበር? በመንገድ ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ ነበር። ቦታው ዋጋ ያወጣው እነዚህ ልጆች ስላጸዱት ነው። ይህን እንድታውቅ ብቻ ነው የምነግርህ፤ ንብረቱ ያንተ ነው።

ጎመኑ ግን! አንዱ ቅጠል ፊቴን ይሸፍናል። የመጀመሪያውን ቀን ስንቆርጥ በጋሪ ሞልተን ሆስፒታል ወሰድን። አንዲት ከደምበጫ ገጠር ባሏን ልታስታምም የመጣች ሴት እቅፍ ሙሉ ሲሰጧት «ስንት ነው?» አለች። አይሸጥም ስንላት አላመነችም፤ መልሳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ያምሮት ናት ቁጭ ብላ ያስረዳቻት።

አሠራራቸውን ብታይ ትወድላቸዋለህ። ማህዲ የሚባለው ባጃጅ ነጂ ተራውን በካርቶን ጽፎ አጥሩ ላይ ሰቅሎታል። ዓርብ እኛ ለጁምዓ ስንሄድ ውኃ ማጠጣቱና ጥበቃው የክርስቲያኖቹ ነው። እሑድ፣ በሚካኤል፣ በማርያምና በሌላውም በዓላቸው ደግሞ የኛ ነው። እንዲህ ሆኖ ባለፉት ወራት ቦታው ያለ ሰው ውሎ አያውቅም። ይህን ማን አስተማራቸው? እኛ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ስንነግድ ያላሰብነውን።

አሁን ስላንተ። በአንድ ገጽ ላይ «ሥራ ደህና ነው» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፈሃል። እኔ ዕድሜዬን ሱቅ ውስጥ ነው የቆምኩት፤ «በርበሬው ጥሩ ነው» እያለ ሦስቴ የሚነግረኝን ነጋዴ አውቀዋለሁ። አልጠይቅህም። ስትፈልግ ትነግረኛለህ።

ስለ ካርታው፣ ሳጥኑን ገና አልከፈትኩትም።

አክስትህ ኡምሀኒ


ጅዳ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኡምሀኒ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ጤናና ሰላም ይስጥዎ፤ አገሩንም መንገዱንም ያሳምርልን። ደብዳቤዎ ደምበጫ ላይ መንገድ ተዘግቶ ብዙ ሰንብቶ ነው የደረሰኝ።

አክስቴ፣ እባክዎ ካርታውን ይላኩልኝ። ሰውየው ከታኅሣሥ በኋላ አልጠብቅም ብሏል። ሌላ ገዢ የለኝም። እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ቢሆንም የግድ ሆኖብኝ ነው እንጂ የአባቴን ቦታ በደስታ የምሸጥ እንዳይመስልዎ። ምክንያቱን አንድ ቀን እነግርዎታለሁ።

ለሰዎቹ ነገሯቸው? ምን አሉ?

ጎመኑ በየት በኩል ነው የበቀለው? በወንዙ በኩል ከሆነ የአባዬ መኝታ ቤት የነበረው እዚያ ነው። ሴትየዋ መልሳ መሬት ላይ አስቀመጠችው ያሉትን ብዙ ጊዜ አነበብኩት።

ካርታውን አይርሱ።

ያህያ


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያህያ

አሰላሙ ዓለይኩም። የጨነቀህን ሁሉ የሚያውቅ ጌታ መውጫውን ያሳይህ። ይህን ደብዳቤ በጥሞና አንብበው፤ ሁለት ቀን ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ለጠየቅከኝ ልመልስ። ደብዳቤህ እንደደረሰ ሁሉንም ሰብስቤ ነገርኳቸው። ቦታው ሊሸጥ ነው፣ የወንድሜ ልጅ ችግር ገጥሞታል መሰለኝ፣ አትቀየሙት አልኳቸው። ማህዲ አንገቱን ደፋ። ያምሮት ግን ባልዲዋን አነሣችና «እንግዲያው እስኪሸጥ ድረስ እናጠጣው» አለች። በቃ፣ ይህን ብቻ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ለልቅሶ ተዘጋጅቼ ሄጄ ነበር፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ተመለስኩ።

አሁን የደረሰብንን ስማ። ኅዳር ሚካኤል ዘንድሮ ዓርብ ዋለ። ነገሩ ገባህ? ዓርብ ስለሆነ እኛ የክርስቲያኖቹ ተራ ነው አልን፤ ሚካኤል ስለሆነ እነሱ የእስላሞቹ ተራ ነው አሉ። እኛ መስጊድ፣ እነሱ ታቦት ሊያነግሡ። ሁሉም ደስ ብሎት፣ ሁሉም ሌላውን አምኖ። ቦታው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰው ቀረ።

ያ ቀን ደግሞ ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ የሚያጥንበት ቀን ነው፤ አትረሳውም መቼም። ወይዘሮ እንቁ፣ ከኔ ሱቅ በላይ ያሉት አሮጊት፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ወራቱን ሙሉ ታመው ቤት ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የቤታቸውን ጥራጊ በቅርጫት ይዘው፣ ልክ እንደ ዱሮው፣ ሙንዲር ቦታ ወሰዱና በአጥሩ ቀዳዳ ደፍተው ለኮሱት። ከአጥሩ ሥር አፈሩ እንዳይደርቅ የተነጠፈው የበቆሎ አገዳ ነበርና እሳቱ ተያያዘ። ጭሱን ያየ ሌላውም ቆሻሻውን ይዞ መጣ፤ ቦታው የዱሮው መስሎት። ያን ቀን ጭስ የሌለበት ሰፈር ስለሌለ ማንም ልብ አላለም። እኔ የተቃጠለ ላስቲክ ሸትቶኝ ስወጣ የሽንኩርቱ ችግኝ፣ ልጆቹ አዋጥተው የገዙት የውኃ ጎማ፣ የሠሩት ዕቃ ቤት፣ ጎመኑም እኩሌታው አመድ ሆኗል።

አለቀስኩ። አልዋሽህም፣ ከሰው ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እልህም ነበረበት፤ ወይዘሮ እንቁን ሄጄ ልሰድባቸው ተነሥቼ ነበር። ያምሮት እጄን ይዛ «እትዬ፣ እሳቸው ቆሻሻ ነው ያቃጠሉት። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ቦታው መለወጡን ቤታቸው ሄደን አልነገርናቸውም» አለችኝ። እንዲህ ያለ ልብ ከየት እንደሚገኝ አላውቅም። የኔ እንዲህ አይደለም።

በማግስቱ ቅዳሜ በጠዋት ስሄድ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ቆሻሻ ያቃጠሉት ሁሉ መጥተዋል። አንዱ ፍግ በከረጢት፣ አንዱ አካፋ፣ አንዱ የድንች ዘር ይዟል። ወይዘሮ እንቁ ከፊት ሆነው፣ በልጃቸው ተደግፈው፣ ያንኑ ቅርጫት ፍግ ሞልተው አስይዘው መጡ። አመዱ ላይ አስደፍተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እስከ ቀትር አልተነሡም።

አያ ዘሩም ከጅጋ መጡ። ቅዳሜ ሰንበት ነው ብለው መሬት አይቆርጡም። «መጥረግ ግን መቁረጥ አይዶለም» ብለው አመዱን ሲያሰራጩ ዋሉ። «ሐዘን ቤት አስመሰላችሁት እኮ! አመድ ለድንች ምን አለው፤ ሰኞ እንተክላለን» አሉ። ሰኞ ተከሉ። ድንቹ ለየካቲት መጨረሻ ይደርሳል።

ያህያ፣ ታኅሣሥ ሳያልፍ እንደሚሸጥ እያወቁ ነው የተከሉት። ለየካቲት የሚደርስ ድንች። ነገሩ ግራ ገብቶኝ ማህዲን ጠየቅኩት። «እማማ፣ የሚበላው ሰው አይጠፋም። እኛ ባንሆን ሌላ ያወጣዋል» አለኝ።

ካርታው ከዚህ ጋር አለ። ሳጥኑን ከፈትኩት። ያንተ ነው፤ የፈለግከውን አድርግበት፤ ከዚህ በኋላ አንድ ቃል አልጨምርም። እኔን የሚያስፈራኝ የመሬቱ ነገር አይደለም፤ አንተ የማትነግረኝ ነገር ነው።

አክስትህ ኡምሀኒ

ጎመኑ አዎ፣ በወንዙ በኩል ነው። የአባትህ አልጋ የነበረበት ጥግ አልተቃጠለም።


ጅዳ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንደ እናቴ ለማከብርዎት አክስቴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ የኔን ቀን ከርስዎ ቀን ያስቀድምልኝ፤ ያለ እርስዎ አያስቀረኝ።

ካርታውን እመልሳለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፈሂማ ባል እጅ ይደርስዎታል። ለቡሬው ሰው አልሸጥም ብዬዋለሁ። ተሳድቧል። ይሳደብ።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። የምሠራበት የመኪና ዕቃ መደብር ከተዘጋ ዓመት ሊሆነው ነው። መኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ወደቀ። እስካሁን የቀን ሥራ ስለቃቅም፣ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ስንተኛ ነበር። ቦቲ የጠየቁኝ ጊዜ ለራሴም ጫማ አልነበረኝም። በስልክ «ደህና ነኝ» ብዬ የምዘጋው ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ነው። ቦታውን ልሸጥ የፈለግኩት ለንግድ አልነበረም። በሰው ፊት ይዤ የምገባው ነገር ስለሌለኝ ነው። አሥራ አራት ዓመት ቆይቼ ምን ይዤ ልግባ?

የድንቹን ነገር ያነበብኩት ሥራ ፍለጋ በተቀመጥኩበት አስፋልት ዳር ነው። እንደሚነጠቁ እያወቁ መትከላቸው አሳፈረኝ። ከዚያ ደግሞ፣ እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም፣ ደስ አለኝ። የአባዬ ስም የቆሻሻ መጣያ ስም ሆኖ መቅረቱን ልጅ ሆኜም አውቅ ነበር፤ ትምህርት ቤት ይሰድቡኝ ነበር። እነዚህ የማላውቃቸው ሰዎች እኔ ልጁ ያላደረግኩለትን አደረጉለት። ለያምሮትና ለማህዲ፣ ለአያ ዘሩም፣ ቦታው እስከፈለጉት ዘመን የእነሱ ሥራ ይሁን ብያለሁ ብለው ይንገሯቸው።

እኔ አገር መግባቴ ነው። በየካቲት አጋማሽ አዲስ አበባ እደርሳለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ ለማንም አይንገሩ። የሰፈሩ ሰው መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ እንደሚቀበል ያውቃሉ። እኔ ከአገር ሳልወጣ የሰፈራችን ልጅ ኡስማን ከሪያድ የገባ ቀን ሻንጣው ባጃጅ ላይ አልበቃ ብሎ ሁለት ጋሪ ተጨመረ፤ እኔም ቤቱ ድረስ አጅቤዋለሁ። እኔ የያዝኩት አንድ የእጅ ቦርሳ ነው። የሰዎቹን ዓይን አልችለውም።

ልጅዎ ያህያ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያህያ፣ አዲስ አበባ፣ በፈሂማ ቤት

አሰላሙ ዓለይኩም። የረመዳንን ጾም ይቀበልህ፤ አገርህ መሬት ላይ እግርህን ያሳረፈልኝ አላህ ምስጋና ይድረሰው። ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ቀን ሱቅ አልከፈትኩም። ዓመት ሙሉ ብቻህን! ስትመጣ እጣላሃለሁ፤ ለዚህ ተዘጋጅ።

ለማንም አይንገሩ ብለህ ነበር። ለሁሉም ነገርኩ። አትደንግጥ፣ ጨርሰው።

ቦታውን እንደሰጠኻቸው ስነግራቸው ማህዲ ጮኾ ዘለለ፤ አያ ዘሩ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው መረቁህ። ያምሮት ግን «እሱስ? እሱ እንዴት ሊሆን ነው?» አለችኝ። ይህን ስትጠይቀኝ መደበቅ አቃተኝ። ምን እንደምትፈራም ነገርኳት። እሷም «ድንቹን መቼ ነው የምናወጣው?» አለች። ደርሷል፣ የፈለግነው ቀን ነው አልኳት። «እንግዲያው እሱ በሚገባበት ቀን እናውጣው። ያኔ መናኸሪያ የሚሄድ ሰው አይኖርም» አለች።

ስለዚህ ቀኑ ሐሙስ የካቲት 26 ነው። ዓርብ እንዳትመጣ፤ መድኃኔ ዓለምም ጁምዓም ነው፣ ዘንድሮ ሁለተኛ አንታለልም፣ ሰው ተመድቦ ይጠብቃል። በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈር፤ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ትደርሳለህ። እኛም ሁለታችንም ወገን ጾም ላይ ስለሆንን ፀሐይ በረድ ሲል ነው የምንጀምረው። የሁዳዴውም የረመዳኑም ጾመኛ ሲመሽ የሚበላው ያንኑ ድንች ነው፤ ድግስ የለም፣ የምትቀመጥበት የክብር ወንበርም የለም።

መናኸሪያ ማንም አይቀበልህም። እኔም አልመጣም። ቦርሳህን ይዘህ በወንዙ በኩል ግባ። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ታገኘዋለህ። ማንም ቀና ብሎ አያይህም፤ ተነጋግረናል። አያ ዘሩ ዶማ ያቀብሉሃል፤ ከወይዘሮ እንቁ ቀጥሎ ያለው መደብ ያንተ ነው፣ አንድ ሰው ጎድሎበታል። ዝም ብለህ ቆፍር። እንኳን ደህና መጣህ የምንልህ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ የሁላችንም እጅ ጭቃ ነው።

አክስትህ ኡምሀኒ

አሮጌ ጫማ አድርግ።